በሳጥኑ ውስጥ የተደበቀው ሰው፦ የቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን ሕይወት

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1770 ነው። በቪየና አቅራቢያ በሚገኘው የሾንብሩን ቤተ መንግሥት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከመኳንንቶቻቸው ጋር ተሰብስበው አንድ አዲስ ነገር ለማየት ይጠባበቃሉ። የንግሥቲቱ ሹም የኾነ የ36 ዓመት ጎልማሳ፣ ከሥሩ ተሽከርካሪ እግር የተገጠመለት ትልቅ የእንጨት ሳጥን እየገፋ ወደ አዳራሹ ገባ። ከሳጥኑ በስተኋላ ጥምጥም የጠመጠመ፣ ካባ የደረበ፣ በቱርክ መኳንንት አምሳል የተሠራ የእንጨት ሰው ተቀምጧል። በፊቱ የቼዝ ገበታ ተዘርግቷል።

ሹሙ የሳጥኑን በሮች አንድ በአንድ ከፈተ። ሻማ አብርቶ ከኋላ አስጠጋና የብርሃኑን ጭላንጭል ከፊት አሳየ። ከጥርሳም መዘውሮችና ከዘንጎች በቀር የታየ ነገር አልነበረም። በሮቹን መልሶ ዘጋ፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት በቁልፍ አጠነጠነው፤ ከታዳሚዎቹም አንዱ ቀርቦ እንዲጫወት ጋበዘ። መዘውሮቹ ተንኳኩ። የእንጨቱ ሰው ዐይኑን አንከራተተ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ግራ እጁን አንሥቶ የመጀመሪያውን ጠጠር አንቀሳቀሰ። ጨዋታው ሲያበቃ አሸናፊው የእንጨቱ ሰው ነበር።

ያ ሹም ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን ይባላል። የሠራው የእንጨት ሰው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት፣ ከአህጉር አህጉር እየዞረ ነገሥታትን፣ ሊቃውንትንና ተራውን ሕዝብ አንድ ጥያቄ አስጠይቋል። ማሽኑ በእርግጥ ያስባል ወይስ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አለ? ዛሬ ሰው መሰል ሮቦቶች በአደባባይ ሲራመዱ፣ ሲጨፍሩና መጠጥ ሲቀዱ በታዩ ቁጥር የሚነሣውም ይኸው ጥያቄ ነው። የኬምፕለን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ ይዟል፤ ምክንያቱም ይህ ሰው አንድ ሳይኾን ሁለት ማሽኖችን ትቶ አልፏልና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬምፕለን ጃንዋሪ 23 ቀን 1734 በፕረስቡርግ ከተማ ተወለደ። ፕረስቡርግ ዛሬ ብራቲስላቫ ተብላ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ የኾነችው ናት፤ በዚያ ዘመን ግን የሃንጋሪ ግዛት መዲና ኾና በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ትተዳደር ነበር። አባቱ የጉምሩክ ሹም ነበር። ልጁም ሕግና ፍልስፍና ተማረ፤ ልዩ ልዩ ቋንቋዎችንም አወቀ። የንግሥቲቱን የሕግ መጽሐፍ ከላቲን ወደ ጀርመንኛ በመተርጎም ችሎታውን አሳየና ገና በወጣትነቱ ወደ መንግሥት ሥራ ገባ። ከዚያም ደረጃ በደረጃ አድጎ የሃንጋሪ የግምጃ ቤት አማካሪ፣ የጨው ማዕድን ማውጫዎች የበላይ ኃላፊ ኾነ።

የዕለት ሥራው ከጨው፣ ከውኃና ከመሬት ጋር የተያያዘ ነበር። በዛሬዎቹ ሮማኒያ፣ ሰርቢያና ሃንጋሪ መካከል የተከፋፈለው ባናት የተባለው ምድር ከኦቶማን ቱርኮች ጋር በተደረጉት ረጅም ጦርነቶች ነዋሪው ተመናምኖ፣ ብዙው ቦታም ረግረግ ኾኖ ነበር። የቪየና መንግሥት ከሌሎች ግዛቶች ገበሬዎችን እያመጣ በዚያ ሲያሰፍር ኬምፕለን የሰፈራውን ሥራ እንዲመሩ ከተመደቡት ሹማምንት አንዱ ኾነ። መንደር ማስመሥረት፣ ለሰፋሪው ቤት ማሠራት፣ የመጡትን ማስተናገድ የእርሱ ኃላፊነት ነበር።

ማሽን መሥራት ደግሞ የልቡ ሥራ ነበር። ወደ ፕረስቡርግ ግንብ ውኃ የሚያደርስ መሣሪያ ሠርቷል፤ በሾንብሩን ቤተ መንግሥትም በውኃ ማሠራጫው ሥራ ተሳትፏል። በ1779 ማየት ለተሳናት የቪየና ሙዚቀኛ ለማሪያ ቴሬዚያ ፎን ፓራዲስ ደብዳቤዎቿን ራሷ የምትጽፍበት የማተሚያ መሣሪያ ሠራላት። የእንፋሎት ሞተርም ሠርቷል። እነዚህ ሁሉ ለሰው ችግር መፍትሔ እንዲኾኑ የተሠሩ ነበሩ። ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

ነገሩ የተጀመረው በ1769 ነው። ፔሌቲየ የተባለ ፈረንሳዊ በማግኔት ኃይል ልዩ ልዩ ትርዒት ለማሳየት ወደ ቤተ መንግሥቱ መጣ። ንግሥቲቱም የሳይንስ ዕውቀት ያለው ሹማቸው ትርዒቱን አይቶ እንዲያስረዳቸው ኬምፕለንን አስጠሩት። ኬምፕለን ባየው አልተደነቀም፤ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነገር መሥራት እንደሚችል በንግሥቲቱ ፊት ተናገረ። ንግሥቲቱ ቃሉን ያዙ፤ ቃሉን እንዲፈጽምም ስድስት ወር ከሥራው ነፃ አደረጉት። በንጉሥ ፊት የተነገረ ቃል አይታጠፍምና ኬምፕለን ወደ መሥሪያ ክፍሉ ገባ።

በወራት ውስጥ የሚያስብ ማሽን መሥራት የዚያ ዘመን ጥበብ አይችልም ነበር። ኬምፕለንም ይህን ያውቃል። ስለዚህ የሚያስብ ማሽን አልሠራም፤ የሚያስብ ሰው በውስጡ የሚሸሽግ ማሽን ሠራ።

አሠራሩ በራሱ የሚደነቅ ነበር። ሳጥኑ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። በውስጡ ቼዝ አዋቂ የኾነ ሰው በሚንሸራተት መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ኬምፕለን አንዱን በር ሲከፍት ሰውየው ወደ ሌላው ጥግ ይንሸራተታል፤ ሌላው በር ሲከፈት ወደ ፊተኛው ቦታው ይመለሳል። ታዳሚው የሳጥኑን ውስጥ ሁሉ ያየ ይመስለዋል እንጂ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አላየም። በሮቹ የሚከፈቱበት ቅደም ተከተልም ሁልጊዜ አንድ ነበር። ይህንን ያስተዋለ ሰው ግን ጥቂት ነው።

የተደበቀው ሰው ከላይ ያለውን ጨዋታ የሚያውቀው በማግኔት ነበር። እያንዳንዱ ጠጠር በሥሩ ማግኔት ተሸጉጦበታል፤ ከገበታው በታች ደግሞ በእያንዳንዱ ቤት አንጻር ትንሽ ብረት በክር ተንጠልጥላለች። ጠጠር ሲነሣ ብረቷ ትወርዳለች፤ ጠጠር ሲቀመጥ ብረቷ ወደ ላይ ትሳባለች። ሰውየው በሻማ ብርሃን ይህን እያየ በራሱ ትንሽ ገበታ ላይ ጨዋታውን ይከታተላል። መልሱን ሲወስን አንዱ ጫፉ በውስጠኛው ገበታ ላይ ሲንቀሳቀስ ሌላው ጫፉ ያንኑ እንቅስቃሴ በላይኛው ገበታ ላይ የሚደግም የተጋጠመ ዘንግ ይይዛል፤ በዚህም የእንጨቱን ሰው ክንድ ያዝዛል። የሻማው ጭስ በእንጨቱ ሰው አካል በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ በአዳራሹ ብዙ ሻማ ስለሚበራ የዚያን ጭስ ሽታ ለይቶ የሚያውቅ የለም።

ኬምፕለን የታዳሚውን ዐይን ማሳቻም አላጣም። ከማሽኑ አጠገብ ትንሽ የእንጨት ሙዳይ አስቀምጦ በጨዋታው መካከል ደጋግሞ ወደ ውስጧ ይመለከት ነበር። በሙዳይዋ ውስጥ ለጨዋታው የሚጠቅም ምንም ነገር አልነበረም። የተመልካቹ ልብ ግን ምሥጢሩ በእርሷ ውስጥ ያለ መስሎት ከትልቁ ሳጥን ይርቃል። የመዘውሮቹ ጩኸትም ከጨዋታው ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ ከውስጥ የሚሰማ ድምፅ ቢኖር እንዲሸፍንና ማሽኑ እየሠራ እንዲመስል የተጨመረ ነበር።

የዚያ ምሽት ዝና በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ። በኬምፕለን ላይ ግን ጭንቀት አመጣበት። ሰው ሁሉ ማሽኑን ለማየት ይመጣ ጀመር፤ እርሱ ደግሞ ማሳየቱን አልወደደውም። ማሽኑን እንደ ተራ መጫወቻ ይቆጥረው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ ተበላሽቷል እያለ እንግዳ ይመልስ ነበር። ቆይቶም ፈታትቶ አስቀመጠው። ክብሬ ሊሠራ የሚገባው በዚህ አይደለም ብሎ ያሰበ ይመስላል፤ ምክንያቱም በዚያው ጊዜ ሙሉ ልቡን የሰጠው ሌላ ማሽን ነበረው።

ይህ ሁለተኛው ማሽን የሚናገር ማሽን ነው። ኬምፕለን ሥራውን የጀመረው በዚያው በ1769 ሲኾን ከ20 ዓመታት በላይ ደክሞበታል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ሰው ሲናገር በአካሉ ውስጥ የሚኾነው ምንድን ነው? ሳንባ አየር ይገፋል፤ በጉሮሮ ያለው አካል ይንቀጠቀጣል፤ አፍ፣ ምላስ፣ ከንፈርና አፍንጫ ያንን ድምፅ ቀርጸው ቃል ያደርጉታል። ኬምፕለን ይህን ሁሉ በእንጨት፣ በቆዳና በላስቲክ ሊሠራው ተነሣ።

በሳንባ ፈንታ አንጥረኛ እሳት እንደሚያናፋበት ያለ ወናፍ አደረገ። በጉሮሮ ፈንታ አየር ሲያልፍባት የምትንቀጠቀጥ ስስ ምላስ ገጠመ፤ በአፍ ፈንታ ከላስቲክ የተሠራ እንደ ፈንጠዝ የሰፋ ነገር አበጀ፤ በአፍንጫ ፈንታ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች አቆመ። ተናጋሪው ሰው በክንዱ ወናፉን እየተጫነ፣ በሌላው እጁ የላስቲኩን አፍ እየሸፈነና እየገለጠ ማሽኑ ቃል እንዲያወጣ ያደርጋል። ከብዙ ሙከራና ውድቀት በኋላ ማሽኑ እናትና አባትን የመሳሰሉ ቃላትን፣ ቆይቶም በላቲን፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን ለመናገር ቻለ። ድምፁ የሕፃን ልጅ ድምፅ ይመስል ነበር።

የሁለቱን ማሽኖች ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። ሁለቱም ያለ ሰው እጅ አይሠሩም ነበር። በቼዝ ተጫዋቹ ውስጥ ያለው እጅ ተደብቋል፤ በተናጋሪው ማሽን ላይ ያለው እጅ ግን በሁሉ ፊት ይታያል። የመጀመሪያው የሚያደርገውን እንደሚያደርግ አስመስሎ ይታያል፤ ሁለተኛው የሚችለውንም የማይችለውንም አይሸሽግም። የመጀመሪያው በወራት ተሠርቶ ተፈጸመ፤ ሁለተኛው ከ20 ዓመት በኋላም ሠሪው ራሱ ገና አላለቀም ብሎ ያምን ነበር።

በ1780 ማሪያ ቴሬዛ አረፉ፤ ልጃቸው ዳግማዊ ዮሴፍ ብቻቸውን መንግሥቱን ያዙ። በማግስቱ ዓመት የሩሲያው አልጋ ወራሽ ፓቬል ከባለቤታቸው ጋር ቪየናን ሊጎበኙ መጡ። ንጉሠ ነገሥቱም እንግዶቻቸውን የሚያስደስት ነገር ሲያስቡ የእንጨቱ ሰው ትዝ አላቸውና ኬምፕለን ማሽኑን መልሶ እንዲገጣጥም አዘዙት። ትርዒቱ እጅግ ስለተወደደ ማሽኑን ይዞ አውሮፓን እንዲዞር የሁለት ዓመት ፈቃድ ተሰጠው። ኬምፕለንም በ1783 ከቤተሰቡና ከማሽኖቹ ጋር ጉዞ ጀመረ።

በፓሪስ በዘመኑ ከሁሉ የሚበልጠው ቼዝ ተጫዋች ፊሊዶር የእንጨቱን ሰው አሸነፈው። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበሩት ቤንጃሚን ፍራንክሊንም ከማሽኑ ጋር እንደተጫወቱ ይነገራል። ኬምፕለን ከፓሪስ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ጀርመን ከተሞች ተሻገረ። ተናጋሪውን ማሽንም አብሮ ያሳይ ነበር። ሕዝቡ ግን ተሰልፎ የሚገባው የእንጨቱን ሰው ለማየት ነበር።

ያልተታለሉም ነበሩ። በ1784 በለንደን ፊሊፕ ቲክነስ የተባለ ጸሐፊ በሳጥኑ ውስጥ ሕፃን ልጅ ሳይደበቅ አይቀርም የሚል ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ። በ1789 በጀርመን ፎን ራክኒትስ የተባለ ባላባት የማሽኑን ምሳሌ ሠርቶ ሰው በውስጡ እንዴት ሊደበቅ እንደሚችል በመጽሐፍ አስረዳ። ሁለቱም ዝርዝሩን በትክክል አላገኙትም፤ የነገሩን ሥር ግን አግኝተውታል። ማሽኑ ለተጋጣሚው አዲስ እርምጃ አዲስ መልስ ይሰጣል፤ አዲስ መልስ የሚሰጥ ደግሞ አእምሮ ያለው ብቻ ነው፤ በዚያ ዘመን ከሰው በቀር እንዲህ ያለ አእምሮ ያለው አልነበረም።

ይህ ማታለያ ሳይታሰብ እውነተኛ ፍሬ ያፈራበት ታሪክም አለ። በ1784 በእንግሊዝ ኤድመንድ ካርትራይት የተባለ ቄስ ከማንቸስተር ከመጡ ሰዎች ጋር ስለ ሽመና ይወያይ ነበር። ሰዎቹ ሽመናን በማሽን መሥራት ፈጽሞ አይቻልም አሉ። ካርትራይት ደግሞ ቼዝ የሚጫወት ማሽን በለንደን ታይቷል፤ መሸመን ከዚያ አይከብድም ብሎ ተከራከረ። በ1785ም በኃይል ለሚሠራ የሽመና ማሽን የመጀመሪያውን የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ አገኘ። በሐሰተኛ ማስረጃ የተነሣ ሰው እውነተኛ ነገር ሠራ ማለት ነው። ያ እውነተኛ ማሽን ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የእጅ ሸማኔዎችን እንጀራ ነጠቀ። አንድ ትርዒት ሰዎች ስለሚቻለውና ስለማይቻለው ያላቸውን እምነት ይለውጣል፤ እምነት ሲለወጥ ገንዘብና ጉልበት ይከተሉታል። የማሽን ትርዒት እውነተኛነት ተራ ጨዋታ የማይኾነውም ስለዚህ ነው።

ኬምፕለን ከጉዞው ሲመለስ የእንጨቱን ሰው በሾንብሩን አስቀምጦ ወደ መንግሥት ሥራውና ወደ ተናጋሪው ማሽን ተመለሰ። በ1791 በቪየና የሰው ልጅ ንግግር እንዴት እንደሚፈጠር የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የማሽኑን እያንዳንዱን ክፍል በሥዕል አሳየ፤ የቻለውን፣ ያልቻለውንና የተቸገረበትን ሁሉ ጻፈ። ይህን ያደረገው ሌሎች ከእርሱ በኋላ ተነሥተው ማሽኑን እንዲያሻሽሉት ነው። ስለ ቼዝ ተጫዋቹ ምሥጢር ግን በሕይወቱ ሙሉ አንዲት መስመር ለሕዝብ አልገለጠም።

ማርች 26 ቀን 1804 በቪየና አረፈ። ዕድሜው 70 ዓመት ነበር። ውኃ ያወጣ፣ መንደር ያቆመ፣ ማየት ለተሳናት ሙዚቀኛ መጻፊያ የሠራ፣ የንግግርን ጥናት በሳይንስ መሠረት ላይ ያስቀመጠ ሰው በዓለም ዘንድ ሲታወስ የኖረው ግን ሊረሳው በፈለገው አንድ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ከሠሪው በኋላ ሌላ ጌታ አገኘ። ዮሐን ሜልዘል የተባለ ሙዚቀኛና የማሽን ሠሪ ከኬምፕለን ልጅ ገዛው። በ1809 ናፖሊዮን ቪየናን ይዞ በሾንብሩን ሳለ ከእንጨቱ ሰው ጋር ተጫወተ፤ ሕግ የጣሰ እርምጃ እየተራመደም እንደፈተነው ይተረካል። በ1820 ደግሞ የኮምፒውተርን ሐሳብ ቀድመው ከጸነሱት አንዱ የኾነው እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ በለንደን ተጫውቶ ተሸነፈ። በ1826 ሜልዘል ማሽኑን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1827 በባልቲሞር ከተማ ሁለት ልጆች ከጣሪያ ላይ ኾነው፣ ትርዒቱ ካበቃ በኋላ አንድ ሰው ከሳጥኑ ሲወጣ አዩ፤ ጋዜጣም ጻፈው። የሚደንቀው ግን ሕዝቡ መምጣቱን አልተወም። በ1836 ጸሐፊው ኤድጋር አለን ፖ ማሽኑን ሰው እንደሚያንቀሳቅሰው ተከራክሮ ጻፈ፤ ከምክንያቶቹ ጥቂቶቹ የተሳሳቱ ቢኾኑም መደምደሚያው ትክክል ነበር።

ከሳጥኑ ውስጥ ስለነበሩት ሰዎችስ ምን ይታወቃል? በኬምፕለን ዘመን የተደበቁት እነማን እንደነበሩ ስማቸው በእርግጠኝነት አልተመዘገበም። ላባቸውን አንጠፍጥፈው፣ በጠባብ ቦታ ተጨብጠው፣ በሻማ ጭስ ታፍነው ያሸነፉት ጨዋታ ሁሉ ለእንጨት ተቆጠረ። በአሜሪካ ለሜልዘል የሠራው ሽሉምበርገር ጥሩ ቼዝ ተጫዋች ነበር። በ1838 በኩባ ሃቫና በቢጫ ወባ ሞተ። ሜልዘልም በዚያው ዓመት ከኩባ ሲመለስ በመርከብ ላይ አረፈ። ሰውየው ሲሞት ማሽኑም ዝም አለ። የእንጨቱ ሰው የማሰብ ኃይል ከየት እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ማሽኑ ፊላዴልፊያ በሚገኝ ሙዚየም ቆይቶ ጁላይ 5 ቀን 1854 በተነሣ እሳት ተቃጠለ።

የሁለተኛው ማሽን ዕጣ ሌላ ነው። የኬምፕለን መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዊትስቶን በመጽሐፉ መሠረት የተሻሻለ ተናጋሪ ማሽን ሠራ። በ1863 አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር መጥቶ ይህን ማሽን አየ፤ ወደ ቤቱ ተመልሶም ከወንድሙ ጋር የራሳቸውን ተናጋሪ ማሽን ለመሥራት ሞከሩ። ያ ወጣት አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው፤ በ1876 የስልክን የፈጠራ ባለቤትነት ያገኘው ሰው። የኬምፕለን እንደኾነ የሚታመን ተናጋሪ ማሽንም ዛሬ በጀርመን ሙኒክ ከተማ ሙዚየም ይገኛል። የተደበቀበት ማሽን ዐመድ ኾነ፤ የተገለጠው ግን ዘር ኾኖ በቀለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ።

ቼዝን በእርግጥ የሚጫወት ማሽንም በጊዜው መጣ። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። ካስፓሮቭም በአንዳንድ እርምጃዎቹ የሰው እጅ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ ጠረጠረ፤ ሠሪው ኩባንያ ግን አስተባበለ። ከ200 ዓመታት በላይ ሰዎች በማሽን ውስጥ ሰው ሲፈልጉ ኖረው፣ እውነተኛው ማሽን ሲመጣም ፍለጋው አልቆመም። ያለፈ ማታለያ ለኋለኛው እውነት ዕዳ ይተዋል።

በሰው መሰል ሮቦቶች ዘንድም ነገሩ እንዲሁ ነው። በኦክቶበር 2024 ቴስላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በካሊፎርኒያ ባዘጋጀው ትርዒት ሮቦቶች ከእንግዶች ጋር ሲነጋገሩና መጠጥ ሲቀዱ ታዩ፤ ወዲያውም ሮቦቶቹ በከፊል ከርቀት በሰዎች እየታገዙ እንደነበር ተዘገበ። በ2018 አዲስ አበባን የጎበኘችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ከሶፍትዌሯ ሥራ ከፊሉ በአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ የተሠራ ነው፤ ንግግሯም አንዳንዱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈጠር፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰዎች አስቀድመው የጻፉት መኾኑን ሠሪዎቿ ራሳቸው ገልጸዋል። የኬምፕለን ሰው ከእንጨቱ ክንድ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቀመጥ ነበር፤ የዛሬው በኢንተርኔት ታግዞ በሌላ ከተማ ሊቀመጥ ይችላል። ልዩነቱ የርቀት ነው።

ከርቀት በሰው የሚመራ ሮቦት በራሱ ነውር አይደለም። አደጋ ባለበት ቦታ ሰውን ተክቶ ይሠራል፤ መሐንዲሶችም ሮቦትን የሚያስተምሩት በብዛት የሰውን እጅ እንቅስቃሴ እየመዘገቡ ነው። በአንዱ ሮቦት ላይ እግሩ በራሱ ስሌት ሲራመድ እጁን ሰው ሊመራው ይችላል። ስለዚህ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ ብሎ በደፈናው መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። የትኛውን ክፍል ማሽኑ፣ የትኛውን ሰው እንደሚሠራው ለይቶ መጠየቅ ይሻላል። የኬምፕለን ሁለቱ ማሽኖች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፤ ነውሩ በእጁ መኖር ሳይኾን በመደበቁ ነው።

በሬ የሚገዛ ገበሬ ቀንዱንና ሻኛውን አይቶ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጥርሱን ያያል፤ ያስነዳዋል፤ ሲችልም ጠምዶ ይፈትነዋል። በሬው በሻጩ እጅ ሳለ ብቻ የሚታዘዝ እንደኾነም ይጠይቃል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስም ለሚቀርብ ማሽንም መመዘኛው ከዚህ አይርቅም። ያልተዘጋጀበት ሥራ ሲሰጠው ምን ያደርጋል? ኔትወርክ ሲቋረጥ ይሠራል ወይስ ይቆማል? የሚወስነው ማን ነው? ሲሳሳትስ ተጠያቂው ማን ነው? በሾንብሩን አዳራሽ በዚያ ምሽት ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ ሁሉም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈቱልን ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ የእንጨቱ ሰው ዝና በዚያው ምሽት ባበቃ ነበር።